ግሩፕ ቁጥር 187

ይህ የደረሰው በእኔ ላይ ነው። ከሰው የሰማሁት አይደለም፣ ሌላ ቦታም አላነበብኩትም።

ቦታው ወላይታ ሶዶ፣ ከመናኸሪያው ብዙም የማትርቅ፣ ከአንድ የጨርቅ ሱቅ በላይ ፎቅ ላይ ያለች የእድር ቢሮ ናት። ቀኑ ሐሙስ። ሰዓቱ ከቀኑ ሰባት ተኩል።

ስለዚያች ሰዓት ሁለት ቃል አለ። ሁለቱንም ሳላዳላ አስቀምጣለሁ።

የመጀመሪያው የሪሀና ነው። ሪሀና የእድራችን መዝጋቢ ናት፣ ጠረጴዛዋ ከጠረጴዛዬ ፊት ለፊት ነው።

«ሐሙስ ሰባት ተኩል ላይ ከቤት ሰግጄ ስመለስ ጌታነህ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። ጀርባውን ሰጥቶኛል። ነጭ ጋቢ ለብሷል... እንደ ሐዘንተኛ ዘቅዝቆ። ፀጉሩን ሙልጭ አድርጎ ተላጭቷል። ‹ምን ሆነህ ነው?› አልኩት። አልመለሰልኝም። ዝም ብሎ ይጽፋል። ውኃ ልቀዳ ወጥቼ ስመለስ የለም።»

ሁለተኛው የእኔ የጌታነህ ነው።

ሐሙስ ሰባት ተኩል ላይ ተበላ ከምትባለው ከተማ ወደ ሶዶ በሚመጣ ሚኒባስ ውስጥ ነበርኩ። እናቴን ጠይቄ እየተመለስኩ። ከጎኔ የእድራችን አባል አቶ ሶርሳ ነበሩ፤ እስከ ሶዶ ድረስ ዘንድሮ ዝናቡ ስለመዘግየቱ ሲያወሩልኝ መጡ። ጋቢ አልለበስኩም። ፀጉሬንም... ያኔ ገና አልተላጨሁትም ነበር።

ሪሀና አትዋሽም። ሦስት ዓመት አብረን ስንሠራ አንድ ቀን ውሸት አልሰማሁባትም።

እኔም አልዋሸሁም።

...

ነገሩ እንዲገባችሁ ሥራዬን ልንገራችሁ።

የእድራችንን የሐዘን መልእክት የምልከው እኔ ነኝ። እድራችን 186 ቤተሰብ አለው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ላይ የሚቀባበርበት የሰፈር እድር ነው። ልጆቹ ግን ሶዶ አልቀሩም። ሀዋሳ፣ አዲስ አበባ፣ ጉኑኖ፣ ቢጠና... ተበትነዋል። ድሮ ሰው ሲሞት ጥሩምባ ይነፋ ነበር። ጥሩምባ ሀዋሳ አይሰማም።

ቴሌግራም ሞክረን ነበር። ቴሌግራም ላይ ግን የሟች ልጅም ከጎረቤት እኩል ታነባለች። መርዶ ደግሞ እንደዚያ አይነገርም። ሰው ሁሉ ያውቃል፣ የሐዘኑ ባለቤት ብቻ አያውቅም። መጀመሪያ እህል ይቀምሳል። ሽማግሌዎች ይሰበሰባሉ። ከዚያ በአፍ ይነገረዋል።

ስለዚህ ነጋዴዎች ማስታወቂያ የሚልኩበትን የኢሜይል ፕሮግራም አመጣሁ። ለአራት መቶ ሰው በአንዴ ይልካል። ዋናው ጥቅሙ ግሩፕ ማዘጋጀት መቻሉ ነው። በአንድ በኩል «ተቀባዮች»፣ በሌላ በኩል «የማይላክላቸው»፣ ማለትም በአፍ የሚነገራቸው የሟች ቤተሰቦች።

በመጀመሪያው ዓመት ግሩፕ አላዘጋጀሁም። ሰው በሞተ ቁጥር በእጄ እየመረጥኩ እልክ ነበር።

አንድ ጠዋት ሳልመርጥ ላክሁት።

ሟቹ አቶ ገብረማርያም ነበሩ። ልጃቸው ትህትና ሀዋሳ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት መስኮት ላይ ባለጉዳይ ታስተናግዳለች። ሰልፍ እየጠበቃት ስልኳን አየች። ፕሮግራሙ ለሸቀጥ የተሠራ ስለሆነ በየመልእክቱ አናት ላይ የራሱን ርዕስ ያስቀምጣል። እኔ ደግሞ አላጠፋሁትም ነበር። የአባቷ ሞት የደረሳት «እንዳያመልጥዎ!» ከሚል ቃል ሥር ነው።

ደወለችልኝ። አልጮኸችም።

«ጌታነህ... ይሄ ስለ ሌላ ገብረማርያም ነው፣ አይደል?»

ያን ድምፅ ዛሬም እሰማዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ለ186ቱም ቤተሰብ አስቀድሜ ግሩፕ ለማዘጋጀት ወሰንኩ። በየቤቱ ፎርም በተንኩ። «ሐዘን ሲደርስ ለማን ይነገር? ለማን አይነገር?» የሚል።

ጋሽ ማሞ ተቃወሙኝ። ጋሽ ማሞ የእድሩ ሊቀመንበር ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሰፈራችን መርዶ የሚነግሩት እሳቸው ናቸው።

«ልጄ፣ በቁም ሰው ለቅሶ አይደገስም።»

«ጋሽ ማሞ፣ ድግስ አይደለም እኮ፣ ዝርዝር ነው።»

«ዝርዝር ካዘጋጀህለት ሞት የተጠራ ይመስለዋል።»

ሳቅሁ። በአክብሮት ነው የሳቅሁት፣ ግን ሳቅሁ።

ሥራው ሦስት ሳምንት ፈጀ። ሟርት እንዳይሆን ለግሩፖቹ የሰው ስም አልሰጠኋቸውም፣ የቤት ቁጥር ብቻ። ረቡዕ ማታ የመጨረሻውን ዘጋሁ። ከ1 እስከ 186።

ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከፈትኩት።

187።

...

አስቤ ነበር... ተሳስቼ አንዱን ደግሜው ይሆናል ብዬ።

ከሥሩ እንዲህ ይላል። «ያዘጋጀው፦ ጌታነህ። ሐሙስ፣ 7:30።»

ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ «የሚላክበት፦ ቅዳሜ ጠዋት፣ 4:00።»

የመልእክቱ ቦታ ባዶ ነው።

«ሪሀና፣ ትናንት በእኔ ኮምፒውተር የሠራ ሰው ነበር?»

ቀና ብላ ፀጉሬን አየችው። አየችው... ከዚያ ብዕሯን አስቀመጠች።

«በአንድ ሌሊት እንዴት አደገ?»

ያኔ ነው ከላይ የጻፍኩትን የነገረችኝ። በሹክሹክታ። ቢሮው ውስጥ ከእኛ ሌላ ማንም አልነበረም፣ ግን በሹክሹክታ።

ግሩፑን ከፈትኩ። የእድሩ መዝገብ ላይ 412 አድራሻ አለ። ግሩፑ ውስጥ ያሉት ተቀባዮች 410።

«የማይላክላቸው» የሚለው ሥር አንድ ስም ብቻ አለ።

የእኔ።

410 እና 1፣ 411 ነው። አንድ ይጎድላል። በእኛ አሠራር ከሁለቱም ወገን የሚወጣው አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱንም የማወጣው መጨረሻ ላይ፣ ነገሩ ከተረጋገጠ በኋላ ነው።

ሟቹን።

ዝርዝሩን ከመዝገቡ ጋር በፊደል ተራ አስተያየሁት። የጎደለው ስም «በእምነት» የሚለው ነው።

በእምነት ታናሽ ወንድሜ ነው። ቢጠና ከተማ ሂሳብ ያስተምራል። ቅዳሜ ሊጠይቀኝ ሶዶ ሊመጣ ተቀጣጥረናል።

ስልኩ አራት ጊዜ ጠራ።

«አቤት፣ ታላቁ!»

«ደህና ነህ?»

«ሃያ ስምንት ልጆች ፈተና ወድቀውብኝ ደህና እሆናለሁ? ምነው ድምፅህ?»

«ነገ አትምጣ።»

«ለምን?»

«እንዲሁ... ሌላ ቀን ትመጣለህ።»

«ኧረ! ሴት ናት? ቆንጆ ናት? ስማ፣ ሰው አትምጣ ሲባል ነው የሚመጣው!» ሳቀና ዘጋው።

ግሩፑን አጠፋሁት። ገጹን ሳድሰው ተመልሶ አለ። ሦስት ጊዜ አጠፋሁት፣ ሦስት ጊዜ ተመለሰ። የይለፍ ቃሌን ቀየርኩ። ለፕሮግራሙ ድርጅት ጻፍኩላቸው። በሃያ ደቂቃ ውስጥ መለሱልኝ።

«በእርስዎ መለያ ውስጥ የሚታዩን 186 ግሩፖች ብቻ ናቸው።»

...

ምሳ ሰዓት ላይ ሪሀና ምሳ ዕቃ ከፈተችልኝ። በቅቤ የራሰ ቆጮ፣ ክትፎ፣ አይብ። ዓርብን አልጾምም፤ ቢሆንም አዘቦት ቀን እንዲህ አይበላም።

«ብላ እንጂ። ደህና አድርገህ ብላ።»

«ምንድነው ይሄ ሁሉ?»

«አንተ አይደለህ ጠዋት የደወልክልኝ? ‹ነገ እህል አልቀምስም፣ ዛሬ ደህና አድርገሽ አብዪኝ› ብለህ!»

«እኔ?»

ስልኳን አሳየችኝ። የእኔ ቁጥር። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከአርባ። አርባ ሰባት ሴኮንድ ተነጋግረናል።

በእኔ ስልክ ላይ እንደዚያ ያለ ጥሪ የለም።

ለሐዘንተኛ መርዶ ከመነገሩ በፊት እህል እንደሚሰጠው ነግሬያችኋለሁ። ሪሀናም ታውቃለች። ሁለታችንም ምሳ ዕቃውን አየነው። ከዚያ ከደነችው።

ግሩፑን ማጥፋት ካልተቻለ ማስተካከልስ? ሞከርኩ። የበእምነትን አድራሻ ጻፍኩና «ተቀባዮች» ውስጥ ጨመርኩት። ተቀበለኝ! 411 ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ።

410።

ተቀባዮቹን እንደገና በፊደል ተራ አየሁ። በእምነት አለ። እኔም አለሁ፤ ስሜ ከ«የማይላክላቸው» ወጥቶ ከተቀባዮች ጋር ገብቷል። በእኔ ቦታ አሁን የተቀመጠችው እየሩስ የምትባል ልጅ ናት፣ አዲስ አበባ የምትኖር።

እየሩስ የትህትና እህት ናት።

ከመዝገቡ የጎደለችው ትህትና ነበረች።

ትህትናን መልሼ አስገባሁ። በእምነት ወጣ። በእምነትን አስገባሁ። ትህትና ወጣች። ሌላ ሰው ላወጣ ሞከርኩ... የራሴንም ስም ሞከርኩ። አይቀበልም። ሁለቱን ብቻ።

ለትህትና ደወልኩ። ምን እንደምላት አላውቅም ነበር። ድምፅዋን ብቻ ልስማ ብዬ ነው።

«ሄሎ?»

«ትህትና፣ ጌታነህ ነኝ። ደህና ነሽ?»

የምትሠራበትን መስኮት ስትዘጋው ሰማሁ።

«ማን ሞተ?»

«ማንም። ማንም አልሞተም፣ እንዲሁ ነው።»

«አንተ እንዲሁ አትደውልም፣ ጌታነህ። እየሩስ ናት? ንገረኝ... በእናትህ፣ በዚያ ነገር ብቻ እንዳትልክብኝ።»

አጽናንቻት ዘጋሁ።

አሁን ለማንም ያልተናገርኩትን ልናገር። ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ኮምፒውተሩን ስዘጋ ግሩፑን የተውኩት የትህትና ስም እንደጎደለ ነው። በእምነት ገብቶ፣ እሷ ወጥታ።

ቁልቁል በደረጃው ስወርድ ለራሴ የምለው ነበረኝ። ይሄ የኮምፒውተር ብልሽት ነው፣ ሰው በዝርዝር አይሞትም።

ብልሽት ከሆነ ግን... ለምን በወንድሜ አልተውኩትም?

...

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ተኩል። የዘገየው ዝናብ የዚያን ዕለት መጣ። ዳሞታ ተራራ በጉም ተሸፍኖ አይታይም።

ሪሀና ብቻዬን እንዳልሆን ብላ መጥታለች። ወንበሬ ላይ አልተቀመጥኩም። ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜ ስክሪኑን አያለሁ።

በሩ ተበርግዶ ተከፈተ።

በእምነት! በጆንያ ማንጎ ተሸክሞ፣ ከራስ እስከ እግሩ በስብሶ።

«እሺ፣ የተደበቀችው ሴት የታለች?» ሪሀናን አያት። «አንቺ ነሽ?»

«በል በል፣ መጀመሪያ ጫማህን ጥረግ!»

«ቁጡ ናት። ተስማምታኛለች።»

አቀፍኩት። ረጅም ጊዜ ስለያዝኩት መቀለዱን ተወ።

«ምን ሆነሃል?»

አሳየሁት። ከሐሙስ ጀምሮ ያለውን ነገርኩት፣ የመጨረሻዋን ነገር ብቻ አስቀርቼ። ለሂሳብ አስተማሪ ቁጥር ይቀለዋል፤ 412፣ 410፣ 1 እያለ በጣቱ ጠረጴዛውን መታ። ሊስቅ ፈልጎ ነበር። አልሳቀም።

«ኢንተርኔቱን ብትነቅለውስ?»

«ዝርዝሩ እዚህ ኮምፒውተር ውስጥ አይደለም ያለው። ነቀልነው አልነቀልነው በሰዓቱ ይሄዳል።»

ሦስት ሰዓት ከአርባ አምስት።

ደረጃው ላይ የእግር ኮቴ ተሰማ። የብዙ ሰው፣ ቀስ ያለ። ሰው እንዲህ የሚራመደው ለቅሶ ቤት ሲገባ ነው።

ጋሽ ማሞ ገቡ። ጋቢያቸውን ዘቅዝቀው ለብሰዋል። ከኋላቸው አቶ ሶርሳ፣ ከእሳቸው ኋላ ሁለት ሽማግሌዎች።

«ሳሮ...» አሉ አቶ ሶርሳ በወላይትኛ፣ ሰላምታው ከአፋቸው ሳይወጣ ሊቀር ምንም አልቀረውም።

ጋሽ ማሞ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሃል አቆሙ።

«በል ልጄ፣ እንዳልከን መጥተናል። መርዶው ለማን ነው?»

«ማን ጠራዎት፣ ጋሽ ማሞ?»

«ማን ጠራዎት ይለኛል እንዴ! ንጋት ላይ አልደወልክልኝም? ‹ሽማግሌ ይዘው አራት ሰዓት ሳይሞላ ቢሮ ይድረሱ› ብለህ?»

«እኔ... አልደወልኩም።»

ጋሽ ማሞ አቶ ሶርሳን አዩአቸው። አቶ ሶርሳ መሬት መሬት ያያሉ።

«‹መርዶው ለማን ነው?› ብዬ ጠየቅሁህ» አሉ ጋሽ ማሞ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «‹ገና አልተወሰነም› አልከኝ።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠዋል።

ጥርሴ ተንገጫገጨ። ጋሽ ማሞ አዩኝና ተነሡ።

«ብርድ መታህ፣ ልጄ።»

ጋቢያቸውን አውልቀው ትከሻዬ ላይ ጣሉልኝ። እንደነበረ፣ እንደተዘቀዘቀ።

ሪሀና አፏን በእጇ ያዘች።

«ወላሂ...»

«ምንድነው?»

«ሐሙስ... ልክ እንደዚህ ነበርክ።» ዓይኗን ከእኔ አላነሳችም። «ፀጉርህ ብቻ ነው የቀረው።»

ሦስት ሰዓት ከሃምሳ አምስት።

በእምነት ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብሎ ነበር። ተቀባዮቹን በጣቱ ወደ ታች እያወረደ ያነባል። ቆመ።

«ታላቁ።»

«እ?»

«እኔ እዚህ ውስጥ አለሁ።»

ጋቢውን ወደ አንገቴ ሳብኩት።

«አንተም አለህ። ጎድሏል ያልከኝ እኔ ነበርኩ።» ቀስ ብሎ ዞረ። «ዛሬ የጎደለው ማን ነው?»

በአራቱ ሽማግሌዎች፣ በሪሀና፣ በወንድሜ... በሁሉም ፊት መናገር ነበረብኝ።

«ትህትና።»

«የጋሽ ገብረማርያም ልጅ? ያቺ...?»

«አዎ።»

«አንተ ነህ የቀየርከው?»

በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁ።

ጋሽ ማሞ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በእምነት ግን ፊቱ አልተለወጠም። ተማሪ ቦርድ ላይ ተሳስቶ የጻፈውን እንደሚያርም ሰው ወንበሬን ወደ ኋላ ሳበልኝና እንድቀመጥ በእጁ አሳየኝ። መቀመጫውን በመዳፌ ነካሁት።

ከጠዋት ጀምሮ ማንም አልተቀመጠበትም።

ሞቋል... ሰው አሁን ገና እንደተነሣበት።

ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ስምንት።

ወንድሜ እጁን ትከሻዬ ላይ፣ ጋቢው ላይ አሳረፈ። ከዚያ ሽማግሌዎቹ ሁሉ እንዲሰሙት ጮክ ብሎ ተናገረ።

«የኔን ስም አውጣና እሷን መልሳት። ትህትናን አንዴ አስለቅሰሃታል፣ ይበቃታል።»